የቫይታሚን ብልቃጥ

ምክሩ የእኔ ነው። ኋላ በሌላ ሰው ላይ እንዳላላክክ ይህን አስቀድሜ ልናገር። «ክኒኑን ከፋርማሲው ብልቃጥ አውጪና የቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ገልብጪው፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም» ያልኳት እኔ አይዳ ነኝ። ሃያ ዓመት የሠራልኝ ዘዴ ስለሆነ፣ ስነግራት እንደ ትልቅ ስጦታ ቆጥሬው ነበር።

የምሠራው ከአገር ቤት ርቄ፣ ሴንት ፖል በምትባል የፈረንጅ ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ያገሬን ሴቶች እረዳለሁ፤ ቀጠሮ አስይዛለሁ፣ ከዶክተር ጋር ሲነጋገሩ አስተረጉማለሁ፣ መኪና የሌላትን አመላልሳለሁ። የክሊኒኩን የአማርኛ ስልክ የማነሳውም እኔው ነኝ። ለሥራው የተመረጥኩት በትምህርቴ አይደለም፤ ቫይረሱ በእኔም ደም ውስጥ ስላለ ነው። ጠባዬ ግን ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሆን አይደለም። ቶሎ ይነደኛል፣ ሲነደኝ ደግሞ አፌን አልይዝም።

ጃለኔ ወደ እኔ የመጣችው የስድስት ወር እርጉዝ ሆና ነው። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። ዌስት ሴንት ፖል፣ ከሮበርት ስትሪት ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ ከባሏ ከዱጋሳ ጋር ትኖራለች። ዱጋሳ ትልቅ የጭነት መኪና ነው የሚነዳው፤ ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ ይሆንና ሦስት ቀን ቤት ያድራል። ቫይረሱ እንዳለባት ከመጋባታቸው በፊት ነግራዋለች፤ እሱ ነፃ ነው። ከእሱና ከክሊኒኩ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ከሁሉም በላይ የምትፈራው የዱጋሳ አሳዳጊ የሆኑትን አክስቱን እትዬ አሰፋሽን ነበር። እነሱ አዳዳ ይሏቸዋል፣ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። መኖሪያቸው ሮዝቪል ነው፤ ጃለኔ ስትወልድ ልብሳቸውን ሸክፈው ሊያርሷት እንደሚመጡ ከወዲሁ ተናግረዋል።

«እትዬ፣ ማጥባት እፈልጋለሁ» አለችኝ ጃለኔ፣ ገና በሁለተኛው ቀን መኪናዬ ውስጥ።

«ሰው ለምን አታጠባም እንዳይልሽ ነው?»

«እሱም አለ። እሱ ብቻ ግን አይደለም።» ቀበቶዋን ነካካች። «ከታወቀብኝ ጀምሮ ይሄ ሰውነት መርዝ ነው የሚመስለኝ። አንድ ደህና ነገር ሲሰጥ ማየት እፈልጋለሁ።»

እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁባት። እኔ ልጄን ሶፎንያስን ስወልድ ማጥባት የሚባል ነገር አይነሳም ነበር። ነርሷ የዱቄት ወተት ጣሳ አስይዛኝ «እንዳታስቢው» አለችኝ፣ አለቀ። ጡቴን በነጠላ ጠፍሬ አሥር ቀን በትኩሳት ተንገበገብኩ። ጠያቂ ሲመጣ «ጡቴ መግል ይዞ ነው» እላለሁ። አንዲት ጎረቤቴ፣ እሷም አራስ ነበረች፣ «እስኪሻልሽ እኔ ላጥባልሽ» ብላ ደረቷን ስትከፍት ልጄን ከእጇ ነጥቄ መኝታ ቤት ገባሁ። ያቺ ሴት ከዚያ ወዲህ ሰላም ብላኝ አታውቅም። ሶፎንያስ ዛሬ ኮሌጅ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ተመስገን። ያ አሥር ቀን ግን እስካሁን ከሰውነቴ አልወጣም።

ዶክተሯ ጃለኔን አስቀምጣ ሁሉን ነገር አስረዳቻት። መድኃኒቷን በየቀኑ ስለምትወስድ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ደርሷል፤ እንዲህ ሆና ብታጠባ የምትወለደዋን ልጅ የመያዙ ዕድል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ግን ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። የዱቄት ወተት ብትመርጥም፣ ጡት ብትመርጥም ክሊኒኩ ከጎኗ ነው። ጡት ከሆነ የእናትየውም የልጅቷም ደም በየጊዜው ይታያል። የጃለኔ እንግሊዝኛ ለገበያ እንጂ ለዶክተር አይበቃም፤ እግር በእግር እየተከተልኩ አስተረጎምኩላት። ከእሷ በፊት የረዳኋቸው ሁለት እናቶች በዚሁ መንገድ አጥብተው ልጆቻቸው ነፃ ሆነዋል፤ ነገሩን በደንብ አውቀዋለሁ። መጨረሻ ላይ ዶክተሯ ወንበሯን አስጠጋችና እንዲህ አለች፦ «አንድ ቀን ክኒኑን ብትረሺ፣ ቢጠፋብሽ፣ ምንም ነገር ቢሆን ደውዪልን። አንቆጣም፣ አንፈርድብሽም። በዚያኑ ቀን መላ እንፈልግለታለን።»

ይህችን አላስተረጎምኩም። የፈረንጅ ማባበል መሰለችኝ። እኔን በዚህ ሁሉ ዓመት መድኃኒቴን ያስዋጠኝ ፍርሃት እንጂ ማባበል አይደለም። በእሷ ፋንታ የራሴን አስገባሁ። «አንዲት ፍሬ ካጎደልሽ ልጅቷ ከጡትሽ ላይ ትነሳለች። ቀልድ የለም። ሰማሽ?»

ጃለኔ ዶክተሯን አየቻት። ዶክተሯ በሙሉ ፊቷ ፈገግ አለችላት።

«ሰምቻለሁ» አለች ጃለኔ።

ሲንቄ በጥቅምት ተወለደች። ነርሷ ልጅቷን እናቷ ደረት ላይ ስታስተኛት አጠገባቸው ነበርኩ። ዓይኗን ሳትገልጥ ጭንቅላቷን ወዲያና ወዲህ አለች፣ ፈለገች፣ አገኘች። የጃለኔ እንባ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። እኔም ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ። ከሃያ ዓመት በኋላ የተካስኩ መሰለኝ።

ከሆስፒታል ሳትወጣ ነው የጠየቀችኝ። «አዳዳ ቤት ሊገቡ ነው። ክኒኑን የት ላድርገው?»

በዚህ ጊዜ ነው ያን ምክር የሰጠኋት። ለእርጉዝና ለምታጠባ እናት የሚሰጠው ትልቁ የቫይታሚን ብልቃጥ ሁለት አላት፤ አንዱን ባዶ አድርጋ ክኒኑን እንድትገለብጥበት፣ ሁለቱ እንዳይምታቱባት ደግሞ አንገቱ ላይ ቀይ ክር እንድታስር ነገርኳት። ክሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ የሰጠኋትም እኔ ነኝ።

እስከ ገና ድረስ ሁሉ ነገር አማረ። እትዬ አሰፋሽ ልጅቷን ያጥባሉ፣ ያሻሉ፣ ጃለኔን ካላጎረስኩ ብለው ይታገላሉ። ቤቱ ጠያቂ አያጣም፤ ሴቶቹ ሲንቄ ስትጠባ እያዩ «እሰይ፣ ጠግባ ነው የምታድገው» ይላሉ። ለልጅቷ የታዘዘላት መከላከያ ሽሮፕ በስድስት ሳምንቷ አለቀ። ምርመራዋ ንጹሕ፣ የእናቷም ቫይረስ የማይታይ። በታኅሣሥ መጨረሻ ጃለኔ የሦስት ወር ክኒን በአንዴ ተቀብላ ቀይ ክር ያለበትን ብልቃጥ ሞላችው። ዶክተሯ «አይዳ፣ ግሩም ሥራ ነው» ብላ ጻፈችልኝ። መልእክቷን ሁለቴ አነበብኩት።

በጥር አጋማሽ የክሊኒኩ ስልክ ላይ ከጃለኔ ሁለት ያልተነሳ ጥሪ አገኘሁና መልሼ ደወልኩላት።

«በስህተት ነው እትዬ» አለች።

«ልጅቷስ?»

«ደህና ናት። እየጠባች ነው።»

«ክኒንሽንስ?»

«እየወሰድኩ ነው።»

«ጎበዝ። ብታጎድዪ ታውቂኛለሽ» አልኳትና ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ የሳቀች መስሎኝ ነበር።

በየካቲት መጀመሪያ ደም ሰጠች። ውጤቱ ሲመጣ ነርሷ ከጠረጴዛዋ ተነሥታ ወደ እኔ ክፍል መጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ላለፉት ወራት የማይታይ የነበረው ቫይረስ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም አርባ ሁለት ሺህ ሆኗል። ማጥባት አሁኑኑ ይቁም፣ ሁለቱም ዛሬውኑ ይምጡ አለችኝ። የዱቄት ወተትና የመመገቢያ ጡጦ በከረጢት ይዤ ወጣሁ። በረዶ እየጣለ ነበር፤ ዌስት ሴንት ፖል እስክደርስ ድረስ መኪናው ውስጥ ለብቻዬ ስሳደብ ነበር። የምሳደበው እሷን ነው። ይህንንም አልደብቅም።

እትዬ አሰፋሽ ወደ ገበያ ወጥተው ነበር። ጃለኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታጠባለች። ከረጢቱን ስታይ ገባት። ልጅቷን ሳትነቅል፣ እኔም ሳልጠይቃት፣ ጀመረች።

የእትዬ አሰፋሽ የእህት ልጅ ኢብሲቱ አምቦ ከተማ ትኖራለች፣ እርጉዝ ናት። በጥር መጀመሪያ አንዲት የሚያውቋት ሴት ወደ አገር ቤት ትሄድ ስለነበር ሻንጣዋ ላይ ትንሽ ቦታ ለምነው ዕቃ አዘጋጁ። የሕፃን ልብስ፣ ሳሙና፣ ከዚያ ደግሞ ማንም አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሳይዘው የማይሄደውን ነገር፣ ቫይታሚን። ጃለኔ ተኝታ ነበር። ስትነቃ ሴትዮዋ አውሮፕላን ላይ ናት።

«ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ሆኖ አገኘሁት፣ ለምን ሁለት ያስፈልጋታል ብዬ ሞላ ያለውን ላክሁት አሉኝ» አለች። «ክሩን ሲያዩ፣ ሰው ዕቃ ሲልክ ምልክት ያስርበት የለ፣ እኔም ለመላክ አስቤ ያሰርኩት መሰላቸው። ልብሽ እንዴት ጥሩ ነው ብለው ሳሙኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ደግ አደረጉ አልኳቸው።»

ከዚያ ፋርማሲ ሄዳለች። ኢንሹራንሱ እስከ መጋቢት መጨረሻ ለሪፊል፣ ለተጨማሪ ክኒን፣ አይከፍልም፣ ጠፍቶብሽ ከሆነ ለክሊኒክሽ ኮል አድርጊ አሏት። ክሊኒኩ በአንድ ስልክ ሊያስፈቅደው የሚችል ነገር ነበር፤ በወር ሁለቴ የምሠራው ሥራ ነው።

«ኮል አደረግሁ» አለች። «ሁለቴ። ሊነሳ ሲል ዘጋሁት። የምታነሺው አንቺ ነሻ።»

«ታዲያ እኔ እበላሻለሁ?»

«ልጄን ከጡቴ ታነሻታለሽ። አንቺም ዶክተሯም ብላችኋል፤ አንዲት ፍሬ ካጎደልሽ ብላችሁኛል።» ድምፅዋ አልጨመረም፣ ቀና ብላም አላየችኝ። «የመጀመሪያውን ቀን ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሦስት ማጉደሌን እንዴት ብዬ ልንገራት አልኩ። ማጥባቱን ላቁም ብል አዳዳ አጠገቤ ናቸው፣ ለምን ከለከልሻት ይሉኛል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሃያ ስድስት ቀን ሆነኝ።»

ስድቤን ተውኩት። ዶክተሯ ያለችውን፣ እኔ የዋጥኩትን፣ ያኔ ልነግራት ይገባኝ ነበር። አልነገርኳትም። በእሱ ፋንታ ጎንበስ ብዬ ጣቴን በልጅቷ ከንፈር ጥግ አስገብቼ ከእናቷ ጡት አላቀቅኋት። አደርገዋለሁ ያልኩትን አደረግሁት። ሲንቄ ጡጦውን እንቢ አለች። ጎማውን በምላሷ እየገፋች፣ ወደ እናቷ ዞራ እየተንጠራራች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። የጃለኔ ቀሚስ ፊት ለፊቱ በወተት ርሶ ነበር። «አርቂያት» አለችኝ፣ «ጠረኔ እየደረሳት ነው።» ኮሪደር ይዣት ወጣሁ።

በዚያኑ ቀን ጃለኔ መድኃኒቷን ጀመረች፤ ለልጅቷ ሦስት ዓይነት ሽሮፕ ታዘዘላት፣ ደሟም ተወሰደ። አምቦ ለኢብሲቱ ደወልንና ያ ብልቃጥ ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ ጣዪው አልናት። ኢብሲቱ አራት ቀን ያህል ውጣው ራሷን ስላመማት መተዋን፣ አዳዳ እንዳይቀየሟት ግን እየወሰድኩ ነው እንዳለቻቸው በሹክሹክታ ነገረችን። ዶክተሯ አራት ቀን ጉዳት የለውም አለች። በዚያ በኩል እንኳ ተረፍን።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ ደወለች። የሲንቄ ደም ውስጥ ቫይረስ አልታየም። ጃለኔ ስልኩን ሳመችው። እኔ ግን ነርሷ ቀጥላ ያለችውን ማስተርጎም ነበረብኝ፤ በዚህ ጊዜ ከቃሏ አንዲት አላጎደልኩም። ገና ነው፣ ከተያዘች ቶሎ ላይታይ ይችላል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይታያል።

እትዬ አሰፋሽ የጃለኔ ጡት መግል ይዞ ነው ተባሉ። የእኔው የድሮ ውሸት ነው፤ ከሣጥን አውጥቼ አቧራውን አራግፌ ሰጠኋት። ሽሮፖቹንም የሳል ነው አልናቸው።

ሁለት ሳምንቱ አልፎ፣ የሲንቄ ደም እንደገና ተወስዶ ውጤቱን ስንጠብቅ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጃለኔ ቤት ነበርኩ። ሲንቄ ጡጦውን ተቀብላ እናቷ ጭን ላይ ትመገባለች። እትዬ አሰፋሽ ስልካቸውን ዘርግተው ከአጠገቤ ተቀመጡ።

«እይልኝ እስቲ አይዳ፣ ኢብሲቱ ወለደች! አራት ኪሎ የሚሆን ወንድ ልጅ። ጉንጩን እይው። በሐኪም ቤቱ ሁሉ እንዲህ ያለ ልጅ አልታየም አሉ።» ወደ ጃለኔ ዞሩ። «ያ ያንቺ ቫይታሚን ነው ልጄ። ለእሷ የደረስሽላት እግዚአብሔር ላንቺ ይድረስልሽ። ሌላም እንልክላታለን።»

ጃለኔ ፎቶውን አየች። «ደስ ይላል አዳዳ» አለች።

የእኔ ስልክ የጮኸው ያኔ ነው። ነርሷ ነበረች። ወጥ ቤት ገብቼ አነሳሁት። ደህና ውጤት ሲሆን ገና ሃሎ ሳልላት ነው የምትናገረው። አሁን ግን የት እንዳለሁ ጠየቀችኝ፤ ቀጥላም ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እናትና አባት አብረው እንዲመጡ፣ ዶክተሯ ራሷ እንደምትጠብቃቸው ነገረችኝ። «ተገኘባት?» አልኳት።  «አይዳ፣ በጣም አዝናለሁ» አለች። ስልኩን ዘግቼ እጄን ታጠብኩ። ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም።

ስወጣ ጃለኔ እያየችኝ ነበር። ውሸቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቀጠሮ ተለወጠ፣ የክትባት ነው፣ ምናምን። ሃያ ዓመት የሠለጠንኩበት ነው።

«እዚሁ ንገሪኝ» አለች።

ዓይኔን ወደ እትዬ አሰፋሽ ወረወርኩ።

«ይስሙ። ከዚህ በኋላ ምኔን ልደብቅ ነው? ንገሪኝ።»

«ኤች አይ ቪው ሲንቄ ደም ውስጥ ተገኝቷል» አልኳት።

ጃለኔ አልጮኸችም። ጡጦውን ከልጅቷ አፍ ሳታነሳ፣ ዓይኗን ስልኩ ላይ ካለው የአምቦው ሕፃን ሳትነቅል፣ ሁሉንም ተናገረች። ቫይረሱ ከስንት ዓመቷ ጀምሮ እንዳለባት፣ ዱጋሳ እንደሚያውቅ፣ ቀይ ክር የታሰረበት ብልቃጥ ውስጥ ምን እንደነበር። እትዬ አሰፋሽ መጀመሪያ ያልገባቸው መሰሉኝ። ቀስ ብለው ስልካቸውን አጥፍተው ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉት።

«የላክሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«እርስዎ ቫይታሚን ነው የላኩት» አለች ጃለኔ።

 ተነሥተው ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅሁ። ልጅቷን አልነካም ይላሉ፣ ለዱጋሳ ደውለው ይጮኹበታል ብዬ ጠበቅሁ። ስንፈራ የኖርነው ይህንን ነበር። አሮጊቷ ግን መጥተው ጃለኔ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉና የሲንቄን ካልሲ እያስተካከሉ ማልቀስ ጀመሩ።

«እህቴ በዚሁ በሽታ ነው የሞተችው» አሉ። «የኢብሲቱ እናት። ያኔ መድኃኒቱ አልነበረም። እኔ ነበርኩ ገላዋን የማጥብላት፣ የማጎርሳት። ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ ልጄ፣ በየቀኑ በሰዓቱ እኔ ራሴ አስውጥሽ ነበር። ብልቃጡን ትራሴ ሥር አድርጌ እጠብቀው ነበር።»

ጃለኔ ያለቀሰችው ያኔ ነው። እኔም መሸሸጊያ አልቀረኝም።

«ጃለኔ» አልኳት፣ «ዶክተሯ የዚያን ቀን አንቆጣም ብላ ነበር። ክኒኑ ቢጠፋብሽ እንኳ ደውዪልን፣ አንፈርድብሽም ብላ ነበር። አላስተረጎምኩልሽም። የዛትኩብሽ እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም።»

 እንድትሰድበኝ ፈለግሁ፤ ስድብ አውቅበታለሁ።

«አሁን ነው የምትነግሪኝ?» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። እስከ ዛሬም አላለችም።

ሲንቄ ጡጦዋን ጨርሳ መነጫነጭ ጀመረች። የሽሮፑ ሰዓት ነበር። ልጅቷ ትኖራለች፣ መድኃኒቷን እየወሰደች ታድጋለች፣ እኔም እየኖርኩ ነው፤ ነገ ዶክተሯ ይህን ትላለች፣ እኔም ከነሙሉ ቃሉ አስተረጉማለሁ። ጃለኔ ግን ከቦታዋ የምትነሳ አልመሰለችም። እትዬ አሰፋሽ ምንጣፉን ተደግፈው ብድግ አሉ፣ መነጽራቸውን ከደረታቸው አወጡና አደረጉት።

«የሳል ነው ያላችሁኝን አምጪው» አሉኝ። «የትኛው ነው የሚቀድመው? ስንት ነው የሚሰጣት? በደንብ አሳዪኝ።»

ሦስቱንም ብልቃጥ የፋርማሲው ጽሑፍ እንደተለጠፈባቸው ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩላቸው።